ዓሣ በርቢ

ዝም ከሚል እንስሳ ተጠንቀቁ! ውሻ ሲናደድ ይጮሃል፣ ድመት ስትራብ ታላዝናለች፣ አህያማ ያለ ምክንያትም ታናፋለች… ስለዚህ ከእነሱ ጋር መኖር ይቻላል፤ የሚያስቡት ይታወቃል። ዓሣ ግን ምንም አይልም። አፉን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ሲያደርግ «ምን ያለ ጨዋ ፍጡር ነው!» ትላላችሁ። እናንተ ጨዋነቱን ስታደንቁለት እሱ ቤታችሁ ውስጥ ቤተሰብ ይመሠርታል።

«ዓሣ እንቁላል ይጥላል እንጂ ምን ቤተሰብ አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደ እናንተ የዋህ ነበርኩ። እንቁላሉን ጥሎ የሚሄደው ሌላው ዓሣ ነው። የእኔዎቹ ጉፒ ይባላሉ። ቁመታቸው ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም፤ ነገር ግን እንደ ላም ያረግዛሉ፣ እንደ ላም ይወልዳሉ። ልዩነቱ ላም በዓመት አንድ ጥጃ ብትወልድ ነው፤ ጉፒ በየወሩ ሃያም ሠላሳም ትወልዳለች! በዚያ ላይ አንዴ ከወንድ ጋር ከዋለች በኋላ ወንዱን ብትወስዱባትም ግድ የላትም፤ ለወራት ለብቻዋ መውለዷን ትቀጥላለች። ይኼን ያወቅሁት ግን ከረፈደ በኋላ ነው።

እኔ ቁስቋም አካባቢ የምኖር የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሼ የደም ሕዋስ ስቆጥር እውላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ዕቃውን ሲጭን፣ አንድ የመስታወት ገንዳ ይዞ ቤቴ መጣ።

«ይኼ መኪና ላይ ይሰበርብኛል። ከነዓሦቹ ያንተ ይሁን» አለኝ።

«ስንት ናቸው?»

«አምስት ብቻ! አንድ ወንድ፣ አራት ሴት።»

ያቺን «ብቻ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ማህሌት ገንዳውን አቅፋ አልለቅም አለች። ባለቤቴ ትብለጥ ግን ወገቧን ይዛ ቆመችና ቧንቧውን አየች፣ ገንዳውን አየች፣ እኔን አየች።

«የቧንቧ ውሃ እንደ ሩቅ ዘመድ በስንት ቀን አንዴ ብቅ በሚልበት ቤት ዓሣ?» አለች።

«አምስት ናቸው እኮ፤ ምን ያህል ይጠጣሉ ብለሽ ነው?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነበሩ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ገንዳው ፊት እቆማለሁ። ወንዱ ቀለማም ጭራውን ዘርግቶ ሲንጎራደድ ማየት ድካም ያስረሳል። ሴቶቹ ግን ሆዳቸው ተነፋ። ምግብ አብዝቼባቸው ነው ብዬ ቀነስኩባቸው፤ አሁንም ተነፉ። በዚህ መሐል የትብለጥ አባት አያ ሙጨ ከብርዳማው ደጋ ከኮሶዬ ለገበያ ወርደው እኛ ቤት አረፉ። አያ ሙጨ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ።

«ኮርማው የቱ ነው?» አሉኝ።

«ያ ጭራው የሚያብለጨልጨው።»

«ይኸ? ይኸስ ሚዜ ነው እንጅ ኮርማም አይመስል!» አሉና ወደ አንዷ ሴት ጠቆሙ። «ይች ግን ደርሳለች። ሦስት ቀንም አትቆይ።»

«ምን ደርሳለች?»

«ልትወልድ ነዋ! ሆዷ ወርዷል፤ ከጭራዋ ሥር ጠቁሯል። ምነው፣ አታይም እንዴ?»

አላየሁም። የስንቱን ሰው የእርግዝና ምርመራ ውጤት የምጽፈው እኔ፣ በገዛ ቤቴ አራት ነፍሰ ጡሮች ይዤ አላየሁም! በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወለደች። ማህሌት አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቆጠረች።

«ሃያ ሰባት! አባዬ፣ ሃያ ሰባት ልጆች!»

ለመመስከር ጎንበስ ብዬ ብቆጥር ሃያ አራት ሆኑብኝ። ደግማ ቆጠረች፤ ሃያ አንድ።

«አባዬ… እናታቸው እየበላቻቸው ነው!»

እውነትም። ጉፒ የወለደችውን ዞር ብላ ትበላለች። ትብለጥ የልጇን ጩኸት ሰምታ ከኩሽና ሮጣ መጣች፤ አይታ አማተበች። «ለዚች ነው እንግዲህ ውሃ ስቀዳ የከረምኩት?» አለች። ማህሌት ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው፤ አባት አይደለሁም? እዚያው ማልኩላት፦ ከእንግዲህ አንድም የዓሣ ልጅ አይበላም፣ አንድም ዓሣ በእኔ እጅ አይሞትም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። እኔ ሳልጎረጉር መሐላ አወጣሁ።

መሐላው ዕቃ ፈለገ። ልትወልድ የደረሰችው ለብቻዋ በጎድጓዳ ሳህን፣ የወለደችው በባልዲ፣ ሕፃናቱ በጁስ መምቻው፣ ጎረምሶቹ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሆኑ። ውሃው ከቧንቧ ተቀድቶ አንድ ቀን ካላደረ የክሎሪን መድኃኒቱ ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ ጀሪካኖቹም ተያዙ። መብራት ሲጠፋ አየር መስጫው ሞተር ይቆማል፤ ያኔ በጭልፋ ከባልዲ ወደ ሳፋ፣ ከሳፋ ወደ ገንዳ እየዞርኩ ውሃውን አማስላለሁ። ሕፃናቱ የሚበሉት ደግሞ ምን መሰላችሁ? የተቀቀለ እንቁላል አስኳል፤ ያውም በንጹሕ ጨርቅ ተጨምቆ!

ትብለጥ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ አየችኝ።

«እኔ ማህሌትን ስወልድ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባህ» አለች። «ለዚች አራስ ግን እንቁላል ትቀቅላለህ።»

  አንገቴን ደፍቼ አስኳሉን መጭመቄን ቀጠልኩ።

ይኼ ሁሉ ግን ጋኑ እስኪመጣ ነው። በትብለጥና በጓደኞቿ የማርያም ማኅበር ሁሉም ተራ በተራ ይደግሳሉ፤ የጥር ማርያም ደግሞ የትብለጥ ተራ ነበረች። ባለፈው ዓመት የአንዷ ተረኛ ጠላ «ውሃ ውሃ አለ» ተብሎ ሐሜቱ እስከ ፋሲካ አልበረደም። ትብለጥ ያንን ስታስብ እንቅልፍ አጥታለች። በጥቅምት ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወደ ወለቃ ወርዳ እንደ እሷ ቁመት ያለ ጋን አሠራች፤ እንዳይሰበርባት ባጃጅ ውስጥ እንደ ሙሽራ አቅፋ አመጣችው። ጓዳ ጥግ አስቀምጣ በጨርቅ ሸፈነችው። የትብለጥ ክብር ያለው እዚያ ጋን ውስጥ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

ታዲያ ትብለጥ ለመሥሪያ ቤቷ ሥራ ለአንድ ሳምንት ገጠር ወጣች። በዚያው ሳምንት ሦስቱ ወለዱ። ሳፋው ሞላ፣ ባልዲው ሞላ፣ ጁስ መምቻው ጢም አለ… ጋኑ ደግሞ ባዶውን ቆሟል። ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጓዳ ገባችና ጨርቁን ገለጠች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ለጊዜው ነው።»

«ስንት ናቸው?»

«ትንሽ ናቸው።»

ሕዋስ ቆጣሪው እኔ ነኝ እንዲህ የምለው! ያ «ለጊዜው» እስከ ገና ዘለቀ። በገና ማግስት ትብለጥ ብቅሏንና ጌሾዋን ገበታ ላይ ዘርግታ ጠራችኝ። አልጮኸችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«ሰባት ቀን ሰጥቼሃለሁ» አለች። «ጥንስሱ ከዚያ በላይ አይጠብቅም። ጋኔ ካልተለቀቀ ዓሦችህን ወስጄ ቀሃ ወንዝ እደፋቸዋለሁ።»

ቀሃ በጥር ምን ውሃ አለው? ቢኖረውስ ከሙቅ ቤት የወጣች ጉፒ የት ትደርሳለች? ማህሌት ከበሩ ጀርባ ሆና ትሰማ ኖሮ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አየችኝ። በአንድ በኩል የልጄ መሐላ፣ በሌላ በኩል የሚስቴ ክብር። እኔ ከመሐል ጭልፋዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

ለሰፈሩ ሰው ላድላቸው አልኩ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ጌጡ ጋ ሄድኩ።

«ጌጡ፣ ዓሣ ልስጥህ። በነፃ።»

መቀሱን አቆመ። «በነፃ? ምን ሆነዋል?»

«ምንም አልሆኑም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምትሰጠው፣ ጋሼ?»

ጎረቤታችን እማማ ዝማም ጋ ሄድኩ። «ልጄ፣ በነፃ የሚሰጡት ነገር ጣጣ አያጣውም» ብለው በሩን በትሕትና ገፋ አደረጉት። ሌሎቹም እንደዚያው። አንዱ እንዲያውም «በሽታ ካለባቸው ለጤና ቢሮ ነው የሚነገረው» ብሎ መከረኝ። የጤና ባለሙያውን!

አራተኛው ቀን ላይ ለገና የወረዱት አያ ሙጨ ጉዳዩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተየ፣ ሰው ቢጠረጥርህ ይፈረድበታል? ዘር ያለው ከብት በነፃ ሲሰጥ የት ታየ? ርቢ ስጣቸው እንጅ!»

የከተማ ልጅ ለሆናችሁ ላስረዳ። ላም የሌለው ሰው ላም ካለው ሰው ላም ወስዶ ያረባል። ይመግባታል፣ ይጠብቃታል፣ ወተቷን ይጠጣል፤ ስትወልድ ዘሩ እኩል ለባለቤቱና ለአርቢው ነው። ሰጪም አይኮራ፣ ተቀባይም አያፍር። ርቢ ይባላል።

ሐሳቡ በጣም ገባኝ! ወይም የገባኝ መሰለኝ። በነጋታው እማማ ዝማም በር ላይ ቆሜ «በርቢ ነው የምሰጥዎት» ስል ፊታቸው በራ።

«እንዲያ አትልም ኖሯል! ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ?»

«ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ።»

«የደረሰች ትኑርበት እንጂ፤ ጥጃ የማትጥል ልታሸክመኝ ነው?» ብለው ተደራደሩኝ። ምስክር እንዲሆን የግቢያቸውን ተከራይ ጠሩ። ጌጡ የመላጫ ሳሙናውን ከእጁ አብሶ ጨበጠኝ፤ ዓሦቹን መስኮቱ ላይ በመስታወት ማሰሮ አስቀምጦ ደንበኛ ሳበባቸው። በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ ሁለት ቤት ርቢ ገባ። አያ ሙጨም በጋኑ ላይ ተደፍተው በማጥለያ እየቀዱ ሲረዱኝ ዋሉና የራሳቸውን አምስት መርጠው ወሰዱ።

«ለኮሶዬ ውርጭ?» አልኳቸው።

«በማድጋ አድርጌ ከምድጃው ዳር አኖራቸዋለሁ። ለጥጃ ያልሰነፍሁ ለዚች እሰንፋለሁ?»

ገንዳው ውስጥ ማህሌት ስም ያወጣችላቸው አምስቱ ብቻ ቀሩ። ጋኑ ተለቀቀ! ትብለጥ በግራዋ ቅጠል ሰባት ጊዜ አሸችው፤ በወይራ ጭስ አጥና አጥና የራሷም ዓይን ቀላ። ከዚያ ሁላችንን አሰለፈችን፦ እኔን፣ ማህሌትን፣ አባቷን።

«ይኼ ጋን ዓሣ ኖሮበታል የሚል ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ማኅበርተኞቼ ቢሰሙ እኔ ከሰው አልቆጠርም።»

ማልንላት። ቤታችን እንደሆነ በዚያ ሰሞን መሐላ በዝቶበታል።

የጥር ማርያም ዕለት ደረሰ። ጠላው ሲቀዳ ቀለሙ የሚያኮራ፣ ሽታው ከበር የሚቀበል ሆነ። ማኅበርተኞቹ አንድ ዋንጫ ጠጥተው ተያዩ፤ ሁለተኛውን ጠጥተው አመሰገኑ። የማኅበሩ ቄስ ዙፋን ላይ እንዳለ ሰው ተደላድለው «ትብለጥ፣ እጅሽ ይባረክ!» አሉ። ትብለጥ እየተሽኮረመመች ስታሳልፍ አየኋትና ልቤ ሞላ። ይችን ሴት ስንት ወር አስጨንቄያታለሁ፤ አሁን ግን ክብሯን በዋንጫ በዋንጫ እየቀዳች ነው።

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ጌጡ ነው። በእጁ ባለአምስት ሊትር ጀሪካን ይዟል። «ጋሼ፣ እንኳን አደረሳችሁ! የርቢውን ድርሻ አምጥቻለሁ። ሁለቱም ወልደዋል፤ አሥራ ስምንት ደርሶሃል።»

ከጀርባው እማማ ዝማም በነጠላቸው ጫፍ የሸፈኑት ማሰሮ ይዘዋል። «የእኔዋ ሃያ ስድስት! አሥራ ሦስቱ ያንተ፤ ምስክሩ ቆጥሯል።» ከእሳቸው ጀርባ ባለ ባልዲ፣ ከባልዲው ጀርባ ባለ ድስት… ሰልፉ ደጁን አልፎ መንገድ ወጥቷል። አያችሁ? ከሁለት ሳምንት በፊት ገላግሉኝ ብዬ የሰጠሁት ሁሉ፣ ሐቀኛ ሰፈር ላይ ስለወደቅሁ ብቻ፣ ወልዶ ከብዶ እየተመለሰ ነው! ርቢ እኩሌታው ይመለሳል ማለት መሆኑን የሰማሁት እኔው ነኝ፤ ለእናንተም ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ያላሰብኩት ግን እኔው ነኝ።

«እማማ፣ ለእርስዎ ይሁን፣ እኔ ይቅርብኝ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ምን በደልሁህ? በስተርጅና የሰው ሐቅ በላች እንድባል ነው?»

ተቀበልኩ። ምን ላይ ላድርጋቸው? ገንዳው ውስጥ ብጨምራቸው ትልልቆቹ ይበሏቸዋል። ሳፋው ወጥ ይዟል፣ ባልዲው ጠላ ይዟል፣ ጁስ መምቻው ለልጆች ብርዝ ይዟል። ሳሎኑ መሐል በግራ እጄ ጀሪካን፣ በቀኝ እጄ ማሰሮ ይዤ ተገተርኩ። ትብለጥ በዓይኗ «ዞር አድርጋቸው!» ትለኛለች፤ እኔ በዓይኔ «ወዴት?» እላታለሁ።

ይኼን ሁሉ አያ ሙጨ ከጥግ ሆነው ያያሉ። በጠዋት ከኮሶዬ ማድጋቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ድርሻችንን ይዘው ወርደዋል። አራተኛ ዋንጫቸው ላይ ናቸው። ሲቸግረን አይተው አንጀታቸው አልችል አለ።

«ምነው እንዲህ ትጨነቃላችሁ?» አሉ ቤት በሚሰማ ድምፅ። «ጋኑ ተጋምሷል። ሲያልቅ ወደዚያው መልሷቸው እንጅ! የኖሩበት ቤት አይደል?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል!

 ወደ አፍ ይሄድ የነበረ ዋንጫ ሁሉ መንገድ ላይ ቆመ። ጀሪካኑ ውስጥ ዓሦቹ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ፤ ማኅበርተኞቹም እንደዚያው። ቄሱ ወደ ዋንጫቸው ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ ትብለጥ።

«ልጄ፣ እውነት ነው?»

«አባቴ… በግራዋ ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ… በወይራም…»  እንባዋ ሲመጣ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጬ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ለድግሱ ያሠራችውን ጋን እኔ ሳላስፈቅዳት ዓሣ አስገባሁበት። እሷ በጭስ ዓይኗ እስኪጠፋ ነው ያጸዳችው። የሚወቀስ ካለ እኔን ውቀሱኝ።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። ዝም አሉ። እኔ እንደሆነ ዝም የሚል ፍጡር ምን እንደሚያስብ ስለማይታወቅ ላቤ መጣ።

«ሐዋርያቱስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዓሣ አጥማጆች አልነበሩም እንዴ?» ዋንጫቸውን እስከ አተላው ጨልጠው ዘረጉት። «እስቲ ድገሙኝ። ዓሣ የኖረበት ጋን ጠላው እንዲህ ከጣፈጠ የእናንተም ጋኖች ዓሣ ያሳድሩ!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ትብለጥ በነጠላዋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፤ አባቷ ምን እንዳሳቀን ሳይገባቸው ከሁሉ በላይ ሳቁ። ማህሌትማ አጋጣሚውን አላሳለፈችም፤ ማሰሮውን ይዛ በሴቶቹ መሐል እየዞረች ዓሦቹን ማሳየት ጀመረች።

«አቤት ማማራቸው! ለእኔም ትሰጪኛለሽ?» አለች አንዷ። «ለእኔም!» አለች ሌላዋ። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

«ሁላችሁም ውሰዱ! በነፃ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «በነፃ!»

ቄሱ ጣታቸውን አነሱ። «በነፃማ አይሆንም፤ የሰው ሀብት ነው። ለልጅ ልጆቼ እኔም እፈልጋለሁ፤ ግን በርቢ።»

«በርቢ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

አልሸሹም ዞር አሉ! ድግሱ አብቅቶ፣ እያንዳንዱ ማኅበርተኛ ዓሣውን በየፕላስቲኩ ይዞ ለምርቃት ቆመ። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቤታችሁን ይባርክ!»

«አሜን!»

«ጠላታችሁን ያስገዛ!»

«አሜን!»

«ያላችሁ ሁሉ ይርባ፣ ይባዛ፣ ቤት ይሙላ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ፤ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የማህሌት ድምፅ ነው። እኔ ግን በየፕላስቲኩ ያሉትን ዓሦች በሠላሳ እያባዛሁ ነበር። ትብለጥ ዓይኗን ከመስቀሉ ሳትነቅል ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«አሜን በል እንጂ! ሰው ያየናል።»

«አሜን» አልኩ፤ ከዚያም እሷ ብቻ እንድትሰማኝ አድርጌ፦ «ከዓሣው በቀር።»